ልጁን ወይስ ቤቱን? የሕፃናት ድህነትና የዕርዳታው መንገድ

ቲክቶክ ላይ በየጊዜው የሚመላለስ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ ልጅ ካሜራ ፊት ቆሟል። ጫማው ተቀዷል። ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው «አባትህ የት ነው? ዛሬ ምን በላህ?» ይለዋል። ልጁ መሬት መሬት እያየ ይመልሳል። ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይታያል። አስተያየት መስጫው ላይ ሁለት ወገን ይፋጠጣል። አንዱ «ድርጅቶቹ ከሚበሉት እንዲህ በቀጥታ ለልጁ መስጠት ይሻላል» ይላል። ሌላው «በልጅ ፊት እየነገዱ ነው» ይላል።

ይህ ክርክር ሲጦፍ ትልቁ ገንዘብ በሌላ በኩል እየደረቀ ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ያንን ዕርዳታ የሚያከፋፍለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ በይፋ ሥራውን አቆመ። በመሀሉ፣ ሚያዝያ 2017፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላለቀበት በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት የተጎዱ 650 ሺህ እናቶችና ሕፃናትን ማከም ሊያቋርጥ መሆኑን አስታወቀ።

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ልጅ ብቻውን ደሃ አይሆንም። ደሃው ቤቱ ነው፤ አንዳንዴም መንደሩና ወረዳው። ገንዘብ ለመሰብሰብ ግን ከመንደር ይልቅ የአንድ ልጅ ፊት ይቀላል። ስለዚህ ብዙ ዕርዳታ ልጁ ላይ ይጀምርና እዚያው ልጁ ላይ ይቆማል። አልፎ አልፎም ልጁን ከቤቱ ነጥሎ ያወጣዋል። የትኛው መንገድ ምን እንደሚያመጣ ለማየት መጀመሪያ «ደሃ ልጅ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንይ።

23 በመቶ ወይስ 88 በመቶ?

ስለ ድህነት ሲወራ ሁለት ቁጥሮች ይምታታሉ። የመጀመሪያው በገንዘብ የሚለካው ነው። አንድ ቤተሰብ ለምግብና ለመሠረታዊ ነገሮች የሚያወጣው ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ደሃ ይባላል። በዚህ መለኪያ በ1988 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45.5 በመቶው ደሃ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሊካድ አይገባም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ልጆችን የለካው ባጡት ነገር ብዛት ነው። ምግቡ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ፣ ንጹሕ ውኃው፣ መጸዳጃው፣ መኖሪያ ቤቱ እየተቆጠረ። ከስድስቱ መስኮች ቢያንስ ሦስቱን ያጣ ልጅ «በብዙ መልኩ የተጎዳ» ተባለ። ውጤቱ 88 በመቶ ሆነ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ 41 ሚሊዮን ልጆች ውስጥ 36 ሚሊዮኑ ማለት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። አባት ከብት ሸጦ ብር ሊይዝ ይችላል፤ ቤቱ ግን ከውኃው የሁለት ሰዓት መንገድ ሊርቅ ይችላል። ያቺ ውኃ ቀጂ ልጅ በገንዘብ ስትለካ ደሃ ላትባል ትችላለች። ትምህርት ቤት ስለምታረፍድ ግን ድሃነቷ ይታያል። መለኪያው ጠበቅ ያለ ነው ብሎ መከራከርም ይቻላል። ገጠር ውስጥ ብዙ ጤነኛና የሚማር ልጅ ያለው ቤትም በቤት ዓይነትና በመጸዳጃ ብቻ ሁለት መስክ ይጎድልበታልና። ያም ሆኖ ጥናቱ የሚያሳየው አቅጣጫ ግልጽ ነው።

ከ88 በመቶው በላይ እኔን የሚይዘኝ ክፍፍሉ ነው። በገጠር 94 በመቶ፣ በከተማ 42 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 18 በመቶ። አብዛኛው የበጎ አድራጎት ቢሮ፣ አብዛኛው ካሜራ፣ አብዛኛው በበዓል ሰሞን የሚሰጥ ዘይትና ዶሮ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በመስቀል አደባባይ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠውን ልጅ ሁላችንም እናየዋለን። ከሰቆጣ ወይም ከዋግ ኸምራ ቆላ ያለው ልጅ ግን በአጠገባችን አያልፍም። የጥናቱ መረጃ የተሰበሰበው እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደሆነም ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ የትግራይ ጦርነት መጥቷል፤ የአማራና የኦሮሚያ ግጭት መጥቷል፤ ድርቅ መጥቷል። ዩኒሴፍ በ2017 ዓ.ም. ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ገልጿል።

ከረጢቷ ቤት ስትደርስ

ነገሩን ጠጋ ብሎ ለማየት አንድ ጤና ኬላ እንግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዲት ቀጭን ቴፕ የሕፃኑ ግራ ክንድ ላይ ትጠመጥማለች። ቴፗ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አላት። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል። ይህ ማለት ሕፃኑ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቷል፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ሌላ ተጓዳኝ ሕመም ከሌለው እናቱ «ፕላምፒ ነት» የሚባለውን የለውዝ ቅባት የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ ትይዛለች። እዚሁ አገራችን ውስጥም ትመረታለች። ለዓመታት ስንት ሕፃን ከሞት አፋፍ መልሳለች።

አሁን ከረጢቷን ተከትለን ቤት እንግባ። ቤት ውስጥ ሌሎች ሦስት ልጆች አሉ። እነሱም አልጠገቡም። እናት አንዱን ልጅ ብቻ ጥግ አስቀምጣ ጣፋጭ ነገር ስታበላ ሌሎቹ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ብዙ ጊዜ ከረጢቷ ትከፋፈላለች። አንዳንዴ ደግሞ ገበያ ላይ ትገኛለች፤ በሱቅ ስትሸጥ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። የሰማ ሁሉ «ዕርዳታውን ሸጡት» ይላል። ግን ያቺ እናት በሸጠችው ሁለት ከረጢት ለአራቱም ልጆች ሽሮ ገዝታ ከሆነ፣ ለቤቷ ልክ የሆነ ሒሳብ ሠርታለች። ሕፃኑ ግን በሐኪም ሒሳብ ግማሽ መድኃኒት ነው የወሰደው። መድኃኒቱ የታዘዘው ለአንድ ልጅ ነበር። በሽታው የቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ክንዱ ቀዩ ላይ ያረፈው ልጅ የከሳ ነው፤ ጉዳቱ በሳምንታት የሚመጣ፣ ከታከመም በሳምንታት የሚመለስ ነው። «መቀንጨር» የሚባለው ግን ሌላ ነው። ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳይደርስ ሲቀር ነው። ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ለመመለስ እጅግ ይከብዳል። የሚጎዳው ቁመቱን ብቻ አይደለም፤ አእምሮውንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 37 በመቶ ደርሷል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ ዜሮ ለማውረድ ቃል ገብቷል። በሕፃንነት የሚደርስ የምግብ እጥረት ለአገሪቱ የሚያስከፍለውን ያሰላ አንድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ብቻ ኪሳራው 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ እንደነበር አግኝቷል። የታመመው፣ ክፍል የደገመው፣ አድጎም ጉልበቱ ያነሰው ሁሉ ተቆጥሮ ነው።

የሚያዝያ 2017ቱ ማስታወቂያ ለምን እንደሚያስፈራ እዚህ ላይ ይገባናል። በተለመደው የሥራ ክፍፍል መካከለኛውን ጉዳት፣ ማለትም ቢጫውን፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይይዛል፤ ከፍተኛውን፣ ማለትም ቀዩን፣ ዩኒሴፍ ይደግፋል። የመካከለኛው ሕክምና ሲቋረጥ ገንዘብ የተረፈ ይመስላል። ግን ቢጫው ላይ ያለው ልጅ እዚያው አይቆይም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀዩ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ሕክምናው ይበልጥ ውድ ነው።

ገንዘቡን ለቤቱ መስጠትስ?

«ታዲያ ብሩን ለቤተሰቡ መስጠት ነዋ» የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ ይህን በስፋት ከሞከሩ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲ ኔት ወደ 8 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎችን ይዟል። መሥራት የሚችሉት እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠገኑ ብር ወይም እህል ይቀበላሉ። ጉልበት የሌላቸው፣ ለምሳሌ አቅመ ደካማ አያት ብቻ ያለችበት ቤት፣ ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ሴፍቲ ኔትም አለ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተቀባይ ቤተሰቦች የሚራቡባቸው ወራት ቀንሰዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ በሬያቸውን አልሸጡም። የልጆቹ አመጋገብና ቁመት ላይ ግን ተመራማሪዎች ያን ያህል ለውጥ አላገኙም። ይህ ለ«ቤቱን እንርዳ» ወገን የማይመች ግኝት ነው፤ ሆኖም መደበቅ የለበትም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ክፍያው ይዘገያል። መጠኑ ለትልቅ ቤተሰብ አይበቃም። የዋጋ ንረት ይበላዋል። ደግሞም ብር የጨመረለት ቤት እህል ጨምሮ ይገዛል እንጂ እንቁላልና ወተት ላይ ላይደርስ ይችላል። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ልጁ የበላው በተቅማጥ ይወጣል። ስለዚህ ለቤቱ መስጠት መነሻው ነው፤ ከጎኑ ውኃ፣ ጤና ኬላና ምክር ካልቆሙ ግን ልጁ ጋ አይደርስም።

«ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል

በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ በጣም ያሳሳተን ቃል ይህ ይመስለኛል። በእኛ ጆሮ ወላጅ አልባ ማለት እናትም አባትም የሞቱበት ነው። በዓለም አቀፍ ቆጠራ ግን አንድ ወላጅ የሞተበትም ይቆጠራል። አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ግን እንጀራ እየጋገረች የምታሳድገው ልጅ እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። በሚሊዮን የሚቆጠር «ወላጅ አልባ» ሲባል የሰማ ለጋሽ በሚሊዮን የሚቆጠር ማንም የሌለው ልጅ ይታየዋል። ከዚያ ማሳደጊያ ይሠራል።

ማሳደጊያ ከተሠራ ደግሞ ይሞላል። የሚሞላውም የግድ ማንም በሌለው ልጅ አይደለም። እናት «እዚያ ቢያንስ በልቶ ይማራል» ብላ ልጇን ትሰጣለች። የምታሳድግበት አጥታ እንጂ ጠልታው አይደለም። ለማሳደጊያው ለአንድ ልጅ በወር የሚወጣው ወጪ ግማሹ ለእናትየው ቢሰጥ ልጁ ቤቱ የሚቆይበት ሁኔታ ብዙ ነው።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሩማኒያ ቡካሬስት ውስጥ ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ነበር። ግማሾቹ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ተሰጡ። ሌሎቹ በነበሩበት እንክብካቤ ቀጠሉ። ከዓመታት በኋላ ሲለኩ ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገት በልጠው ተገኙ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት። ሕፃን የሚያድገው ስሙን በሚጠራ፣ ሌሊት ሲያለቅስ ደጋግሞ በሚመጣ አንድ ሰው ነው። በፈረቃ የሚቀያየሩ ሠራተኞች ደግ ቢሆኑ እንኳ ይህን መሆን ይቸግራቸዋል።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ የዚህ ታሪክ ጫፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደዋል። ብዙዎቹ የሚወዳቸው ቤተሰብ አግኝተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ልጅ ሲሄድ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ስለነበር፣ «ወላጅ አልባ» ፈላጊ ደላላ ተፈጠረ። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ፈርመዋል። በእኛ ባህል ጉዲፈቻ፣ ቃሉንም ከኦሮሞ የወሰድነው፣ ልጅን ለሌላ ቤት መጨመር እንጂ ከተወለደበት መቁረጥ አይደለም። ፈረንጅ አገር ያለው ሕግ ግን የቆየውን ዝምድና ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል። ወላጅ በአንድ ልብ፣ ሕጉ በሌላ ልብ ተፈራረሙ። ጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። እርምጃው የገበያውን በር ዘጋ። የተቃወሙት ሰዎች ጥያቄ ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል፤ ልጆቹን የሚቀበል በቂ የአገር ውስጥ አሳዳጊና አደራ ቤተሰብ ሳይደራጅ በሩ ሲዘጋ፣ በማሳደጊያ የቀሩት ምን ይሆናሉ?

ይህን ስል ማሳደጊያ የከፈቱ ሰዎችን ማሳነሴ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሲሳለሙ በረሃብ በተመታው ወሎ ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው የተመለሱት። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከ20 በለጡ፤ ትዳራቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን ለዚያ ሰጡ። ያን ቀን መንገድ ላይ ለነበረው ሕፃን ቤቱም መንደሩም ፈርሶ ነበርና ሌላ አማራጭ አልነበረም። እሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት ግን እዚያ አልቆመም። ትምህርት ቤት፣ ለእናቶች ገቢ ማስገኛ፣ የተጎሳቆሉ ሰፈሮችን ቤትና ውኃ ማሻሻል እያለ ወደ ቤተሰቡ ሰፋ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕይወታቸው ሲያልፍ የአገር እናት ተብለው የተለቀሰላቸው በዚህ ሁሉ ነው።

የፕሮጀክት ልጅ

ስፖንሰርሺፕ ማለት አንድ የውጭ አገር ሰው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ አንድ ልጅን የሚደግፍበት አሠራር ነው። በሰፈር ቋንቋ ልጁ «የፕሮጀክት ልጅ» ይባላል። ፎቶው ይላካል። በዓመት ደብዳቤ ይጽፋል። አሠራሩ ግን አንድ አይደለም። በአንዳንድ ድርጅቶች ገንዘቡ በእርግጥ ለዚያ ልጅ ትምህርት፣ ሕክምናና ልብስ ይውላል። በሌሎቹ የልጁ ፎቶ የመንደሩ መወከያ ነው፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ለጉድጓድ ውኃ ወይም ለመማሪያ ክፍል ይወጣል። ብዙ ለጋሾች ይህን ልዩነት አያውቁም። ሲያውቁም «ልጄ አልደረሰውም» ብለው ይቀየማሉ።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በስድስት አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ኬንያና ኡጋንዳ አሉበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። የተመረመረው ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ነው። በልጅነታቸው የተደገፉት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በበለጠ ተምረዋል። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትም በግልጽ በልጠዋል። ቀላል ውጤት አይደለም። ነገር ግን ያ ድርጅት ዩኒፎርም ሰጥቶ ብቻ አልለቀቃቸውም። ልጆቹ በየሳምንቱ ለሰዓታት የሚያስጠና፣ የሚመክር፣ የሚጠይቅ ሰው ነበራቸው። ወላጆቻቸው ደግሞ አብረዋቸው ነበሩ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከአራት ወንድማማች አንዱ ሲመረጥ ምን ይሆናል? ጎረቤትስ? አዲስ ቦርሳ የያዘውና ያልያዘው አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ። የሥጋት ምንጭ ደግሞ አለ፤ ስፖንሰሩ ሥራ ሲያጣ ወይም ሲሞት ክፍያው ይቆማል። የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በወር 40 ዶላር የሚላክለት ልጅ በወረቀት ላይ 2,280 ብር የነበረው 4,000 ደረሰ። ዘይቱና ጤፉም አብረው ወጡ። በብር የሚሰጠው የአገር ውስጥ ለጋሽ ግን ምንም ሳይቀንስ ስጦታው ቀነሰበት።

«ስንቱ ለልጁ ይደርሳል?»

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ከ100 ብር ስንቱ ለልጁ፣ ስንቱ ለቢሮ? ጥያቄው የሚነሣው ከአየር አይደለም። ትልልቅ መኪና፣ የሆቴል ስብሰባ፣ አበል ሁላችንም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ ዕርዳታውን በመላ አገሪቱ ለወራት ያቆሙት እህሉ ላልታለመለት እየዋለ ነው ብለው ነበር። ቅሬታው እውነተኛ መሠረት አለው።

ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን ወዴት እንደሚያደርስ አገራችን ሞክራ አይታለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶች ከወጪያቸው ቢያንስ 70 በመቶውን ለዓላማው፣ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አዘዘ። ሲሰማ ጥሩ ነው። ችግሩ «አስተዳደር» የተባለው ላይ ነበር። ሥልጠና፣ ትራንስፖርትና ክትትል ሳይቀር እዚያ ውስጥ እንዲቆጠር ተደረገ። ደብተር ብትሰጥ ዓላማ ነው። ያ ልጅ ለምን ከትምህርት ቤት እንደቀረ ለማየት ቤቱ ድረስ የምትሄድ ሠራተኛ ብትልክ የትራንስፖርቷ ብር አስተዳደር ነው። ስለዚህ ደብተሩ በዛ፤ ቤት የሚያንኳኳው ሰው አነሰ። ሌላም ነበረ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ልጁን መመገብ ይፈቀዳል፤ ለምን እንደተራበ መጠየቅ ግን አይፈቀድም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ክልከላ አነሣ። የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ትርጉሙን አስተካክሎ የሥራው አካል የሆነውን ወጪ ለየ። የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። በስልክ ብር የሚሰበስብ ግለሰብ ይህ የለበትም። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴም ድርጅት በወር የማይደርስበትን በአንድ ምሽት ያደርጋሉ። ለቀዶ ሕክምና፣ ለአንድ ጊዜ ችግር ይህ መንገድ ፈጣን ነው። ልጅ ማሳደግ ግን የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም። ቪዲዮውም አይጠፋም። ያ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ሚስት ሲያጭ፣ ያ ፊት እዚያው አለ። «ምን በላህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሺ ያለው የስድስት ዓመት ልጅ ነበር።

ከበጎ አድራጎት ወደ በጀት፦ ምገባው

የተሻለውን መንገድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚወድቁ ተማሪዎች ነበሩ። ወይዘሮ ፍሬዓለም ሽባባው የሚመሩት የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር በጣም የተቸገሩትን ልጆች መመገብ ጀመረ። እዚህም የመምረጥ ጣጣ ነበረ። «የምገባ ልጅ» መባል ያሳፍራል፤ ርቦት የማይመጣም ነበር።

ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ምገባውን በራሱ በጀት ይዞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ አደረገው። ቁርስና ምሳ። ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። ምግቡን የሚያበስሉት በአብዛኛው ሥራ ያልነበራቸው እናቶች ናቸው፤ በሺዎች ይቆጠራሉ። እስኪ አንዷን እናት እንያት። ልጇ ሁለት ጊዜ በልቶ ይመጣል፤ የቤቱ ወጪ በዚያ ልክ ይቀንሳል። እሷ ደግሞ ደመወዝ አላት። ማንም ልጇን ፎቶ አላነሣውም። ሁሉም ስለሚበላ ማንም ደሃ ተብሎ አይለይም። ልጁም ቤቱም በአንድ ድስት ተደረሱ።

ጉድለትም አለ። የሀብታም ልጅም ስለሚበላ ብር ይባክናል የሚሉ አሉ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው አብዛኛው ልጅ ከደሃ ቤት መሆኑ ክርክሩን ያለዝበዋል። የምግቡ ጥራት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ከሁሉ የሚከብደው ግን አዲስ አበባ ያላትን ገቢ አብዛኛው ወረዳ የለውም። ምገባው በጣም የሚያስፈልገው 94 በመቶ የተባለው ገጠር፣ ምገባን በበጀት ለመያዝ በጣም የሚቸገረውም ያው ገጠር ነው። እዚያ እስካሁን ያለው ምገባ ብዙውን ጊዜ በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ነው።

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

የውጭ ገንዘብ ማነሱ መጀመሪያ የሚጎዳው ፎቶ የሌለውን ሥራ ነው። በስፖንሰር የተያዘ ልጅ ለጊዜው ይቀጥላል፤ የሚከፍልለት ግለሰብ ነውና። በመንግሥታት ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የክንድ መለኪያው፣ የክትባት ማቀዝቀዣው፣ የወረዳው ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው የሚቆመው። ያኔ ክፍተቱን ለመሙላት በግለሰብ የሚሰበሰብ ብርና አዳዲስ ማሳደጊያ ሊበዛ ይችላል። ማሳደጊያ የሚከፍት ሁሉ ልጆቹ ወላጅ ወይም ዘመድ ያላቸው መሆኑን አጣርቶ፣ ካላቸው ልጁን ሳይሆን ዘመዱን እንዲደግፍ የሚያስገድድ ቁጥጥር ከሌለ፣ ከ15 ዓመት ገደማ በፊት በውጭ አገር ጉዲፈቻው ያየነው ይደገማል ብዬ እሰጋለሁ።

ከውጭ ለሚልክ ወገንም የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ስንቱ ለልጁ ደረሰ?» ከማለት በፊት «ልጁ የሚኖረው ከማን ጋር ነው? የምታሳድገውስ ምን ታገኛለች? እኔ ባቆም ምን ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት ሪፖርት ሳያገላብጥ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

አንድ ያልተነካ መንገድ ደግሞ አለ፤ ዕድር። ዕድር ለቀብር ነው የተቋቋመው። ኤችአይቪ በርትቶ በነበረበት ዘመን ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ከአያትና ከአክስት ጋር እንዳሉ መደገፍ ጀምረው ነበር። ማን ቤት እሳት እንዳልነደደ ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋቸውም። ማኅተም፣ ዳኛና ጸሐፊ አላቸው፤ ሒሳባቸውን ለአባላቱ ያነባሉ። ድርጅቶች ገንዘብ ሲሰጧቸው ልጁን ከሰፈሩ ሳያወጡ መድረስ ይችሉ ነበር። የለጋሾቹ ፕሮጀክት ሲያልቅ ግን ብዙዎቹ ወደ ቀብሩ ተመለሱ። የወር መዋጮው የድንኳንና የንፍሮ ወጪ ሸፍኖ ለልጆች የሚተርፍ አይደለም። የኑሮ ውድነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ከዕድር የሚወጡት እነዚያው ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ናቸው።